ብሔራዊ ባንክ ወለድ ይጨምር እንደ ሆነ አስቀድሞ ስለ መገመት

በአንድ ወረዳ ባለፈው ኅዳር አንድ አባት የውሃ መሳቢያ ሞተር ለመግዛት አስበው «ወለድ ሳይጨምር አሁን ልበደር ወይስ ልቆይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ የተማርሁት ስለ አፈርና ስለ ዘር ስለ ሆነ ወዲያው መልስ አጣሁላቸው። ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን እነሆ እጽፍላችኋለሁ።

በመጀመሪያ የብሔራዊ ባንክ ወለድ እናንተ ለአበዳሪያችሁ የምትከፍሉት ወለድ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ለገበሬ አያበድርም፤ የባንኮች ባንክ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አዲስ አሠራር ሲጀምር ከባንኮች ጋር ገንዘብ የሚሰጣጥበትን መሪ ወለድ ከመቶ 15 አደረገው። ይህ ወለድ ከፍ ሲል ባንኮች ገንዘብ በውድ ያገኛሉ፤ ውድነቱም ቀስ እያለ ወደ ተበዳሪው ይደርሳል። ብድር ሲወደድ የሚበደረው ሰው ያንሳል፤ በገበያ የሚዞረውም ገንዘብ ይቀንሳል። እንግዲህ ባንኩ ወለድ የሚጨምረው የዋጋ ንረት ሲያሰጋው ነው ማለት ነው።

ስለዚህ መመልከት የሚገባው የዋጋን አካሄድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጤፍ በጥር ሲረክስ አይቶ «ኑሮ ረከሰ» ይላል፤ በነሐሴ ሲወደድ ደግሞ «ወለድ ሊጨምር ነው» ይላል። ይህ ግን የመከርና የክረምት ነገር ነው፤ በየዓመቱ ይመጣል፥ ይሄዳል። ባንኩ የዘንድሮውን ነሐሴ የሚያስተያየው ከአምናው ነሐሴ ጋር ነው። ለምሳሌ አምና በነሐሴ 10,000 ብር የነበረ ኩንታል ዘንድሮ በነሐሴ 11,500 ብር ቢሸጥ ጭማሪው ከመቶ 15 ነው። እህል ብቻም አይደለም፤ ዘይቱ፥ ልብሱ፥ የቤት ኪራዩ፥ የመኪና ሒሳቡ ሁሉ ይገባበታል። ይህን ቆጥሮ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው።

ቁጥሩን ብቻ ማየት ግን አይበቃም፤ ወዴት እንደሚሄድም ማየት ያስፈልጋል። የባንኩ የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበሰብ ንረቱ ከመቶ 17 ገደማ ነበር፤ ከባንኩ ወለድ ይበልጥ ነበር። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ይጨምራል» ይል ነበር። ኮሚቴው ግን 15ቱን እንዳለ ተወው፤ በ2014 ዓ.ም. ከመቶ ከ30 በላይ የነበረው ንረት እየወረደ ነበርና። በመጋቢትና በሰኔ 2017፥ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሲሰበሰብም አልጨመረም። ግቡ ንረቱን ከ10 በታች ማውረድ ስለ ሆነ ለመቀነስም አልቸኮለም። የሚወርደው ቁጥር ተመልሶ ሁለት ሦስት ወር በተከታታይ ሲወጣ፥ ብርም ከውጭ ገንዘብ ጋር ሲወዳደር ሲረክስና ማዳበሪያና ነዳጅ ሲወደድ፥ ያን ጊዜ ጭማሪ መጠበቅ ያስኬዳል።

ብዙዎች የማያዩት ሌላ ምልክት የብድር ጣሪያ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከመቶ 14 በላይ እንዳያድግ ተወሰነ፤ በታኅሣሥ 2017 ወደ 18፥ በመስከረም 2018 ወደ 24 ከፍ አለ። ጣሪያው ካለ ባንኩ ወለድ ሳይነካ ብድርን ማጥበብ ይችላል። ጣሪያው ሲላላ ግን ሸክሙ ወደ ወለዱ ይዞራል። ከባንክ ለሚበደር ማኅበርም ይህ ከወለዱ ይልቅ የሚከብድ ይመስለኛል፤ ወለድ ቢወደድ ገንዘቡ ይገኛል፥ ጣሪያው ከሞላ ግን አይገኝም።

ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ። 30,000 ብር ለአንድ ዓመት ቢበደሩና የአበዳሪያቸው ወለድ ከመቶ 18 ወደ 20 ቢወጣ የሚጨምርባቸው 600 ብር ነው። ሞተሩ ሳይገባ በጋው ቢያልፍ የሚቀርባቸውን ሽንኩርት ከዚህ ጋር ያመዛዝኑ አልኋቸው። ከግምቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ውሉ ነበር። ወለዱ እስከ መጨረሻ የማይለወጥ ነው ወይስ አበዳሪው በመካከል ሊለውጠው ይችላል? ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፤ የልማት ሠራተኛም ማንበብ ለማይችል ገበሬ ውሉን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብለት። እኒያ አባት ሲያስነብቡ ሊለወጥ የሚችል ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ግማሹን ብቻ ተበደሩ፤ የቀረውን ከቁጠባቸው ሞልተው ሞተሩን በጥር አስገቡ።