ሂሳቡ ሲመጣ ማን ስንት ይከፍላል? የአሜሪካ የጤና ኢንሹራንስ ቃላት

አሜሪካ ውስጥ የግል የጤና ኢንሹራንስ ያለው ሰው ሁሉ ካርድ አለው፤ ካርዱ ላይ የተጻፈውን አንብቦ የሚረዳው ግን ጥቂቱ ነው። «ዲዳክቲብል»፣ «ኮፔይ»፣ «ፒፒኦ» የሚሉት ቃላት የሕክምና ሂሳብ በታካሚውና በመድን ድርጅቱ መካከል በምን ተራ እንደሚከፋፈል ይናገራሉ። ተራውን የያዘ ሰው፣ ቢታመም ከኪሱ ምን ያህል እንደሚወጣ ጤነኛ ሳለ ማስላት ይችላል።

የመጀመሪያው አረቦኑ ነው፤ እዚያ «ፕሪሚየም» ይሉታል። ታመሙም አልታመሙም በየወሩ ይከፈላል። ገዢ ሲያማርጥ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ አያልፍም። አረቦኑ የረከሰ ውል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከበድ ያለ ዲዳክቲብል አለበት። ዲዳክቲብል ማለት ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው በዓመቱ ውስጥ ራሱ የሚሸፍነው ገንዘብ ነው። ከዚያ በኋላ «ኮኢንሹራንስ» ይከተላል፤ ቀሪው ሂሳብ በመቶኛ ይካፈላል። በመጨረሻ «አውት ኦፍ ፖኬት ማክሲመም» አለ፤ ታካሚው በዓመት ከዚህ በላይ እንዳይከፍል የተበጀ ጣሪያ ነው።

በቁጥር ሲታይ

አንዲት ሴት በዓመቱ መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና አደረገች እንበል። ዲዳክቲብሏ 3,000 ዶላር፣ ኮኢንሹራንሷ 20 በመቶ፣ ጣሪያዋ 7,000 ዶላር ነው። ሆስፒታሉ 40,000 ዶላር ጠየቀ። ሆስፒታሉ ከመድን ድርጅቷ ጋር ውል ስላለው ግን ሂሳቡ አስቀድሞ በተስማሙበት ዋጋ ይሠራል፤ እሱ 24,000 ዶላር ይሁን። የ16,000 ዶላሩን ልዩነት ማንም አይከፍለውም።

ከ24,000 ዶላሩ የመጀመሪያው 3,000 የእሷ ነው። ከቀሪው 21,000 ላይ 20 በመቶው 4,200 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 7,200 ዶላር ይመጣል፤ ጣሪያዋ 7,000 ስለሆነ ግን እዚያው ላይ ታቆማለች። ቀሪውን 17,000 ኢንሹራንሱ ይከፍላል። በዚያው ዓመት በውሉ የሚሸፈን ሌላ ሕክምና ቢያስፈልጋት፣ ውል ባላቸው ሐኪሞች ዘንድ እስከታከመች ድረስ ሙሉ ወጪው የኢንሹራንሱ ነው፤ እሷ አረቦኗን ብቻ ትቀጥላለች።

አዲሱ የውል ዓመት ሲገባ ግን ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። በአሠሪ በኩል ሳይሆን መንግሥት ካቋቋመው ገበያ ራሳቸው ለሚገዙ ሰዎች ይህ ጃንዋሪ 1 ነው። ስለዚህ ጣሪያውን በመከር ወራት የነካ ሰው፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ የቀረውን ምርመራና ሕክምና ከዲሴምበር መጨረሻ በፊት ቢያስጨርስ ይጠቀማል።

ኮፔይና ነጻው ምርመራ

ኮፔይ ለአንድ ጉብኝት ወይም ለአንድ መድኃኒት የሚከፈል የተቆረጠ ዋጋ ነው፤ ለምሳሌ ለመደበኛ ሐኪም 30 ዶላር፣ ለስፔሻሊስት 60። በብዙ ውሎች ዲዳክቲብሉ ሳይሞላም ይሠራል፤ በአንዳንዶቹ ግን አይሠራም፤ ውሉን ማየት ግድ ነው።

ክትባትን፣ የደም ግፊት ልኬታንና ከ45 ዓመት ጀምሮ የሚደረገውን የአንጀት ካንሰር ምርመራ የመሰሉ የመከላከያ አገልግሎቶች፣ ውል ባለው ሐኪም ዘንድ ከተደረጉ፣ በሕግ ያለ ምንም ክፍያ ይሰጣሉ። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። ለዓመታዊ ምርመራ የሄደ ሰው በዚያው «ጉልበቴንም ያመኛል» ብሎ ሐኪሙ ጉልበቱን ቢመረምር፣ ያ እንደ ሌላ ቀጠሮ ተቆጥሮ ለብቻው ሂሳብ ሊመጣበት ይችላል።

ኔትወርክ

ከድርጅቱ ጋር የዋጋ ውል ያላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች በአንድ ላይ «ኔትወርክ» ይባላሉ። «ኤችኤምኦ» የተባለው ዓይነት ከድንገተኛ ሕክምና በቀር ከኔትወርክ ውጭ አይከፍልም፤ ወደ ስፔሻሊስት ለመሄድም ብዙ ጊዜ የመደበኛ ሐኪም ሪፈር ይጠይቃል። «ፒፒኦ» ውጭም ይከፍላል፣ ድርሻው ግን ያንሳል፤ አረቦኑም ብዙ ጊዜ ይወደዳል።

ቀድሞ ሰው በኔትወርክ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ያደነዘዘው ሐኪም የኔትወርክ ስላልሆነ ያልጠበቀው ሂሳብ ይደርሰው ነበር። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሕግ ይህን ከልክሏል፤ ድንገተኛ ሕክምናንም ይጨምራል። በመንገድ የሚሄደው አምቡላንስ ግን ከዚህ ፌዴራል ሕግ ውጭ ቀርቷል።

ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ

ታክሲ የሚነዳ ወይም ሱቅ ያለው ሰው አሠሪ ስለሌለው የሚገዛው መንግሥት ካቋቋመው ገበያ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዲሲ ሄልዝ ሊንክ፣ በሜሪላንድ ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን ይባላል፤ ቨርጂኒያም የራሷ አላት። ውሎቹ በብረት ስም ይመደባሉ፦ ብሮንዝ በአማካይ 60፣ ሲልቨር 70፣ ጎልድ 80፣ ፕላቲነም 90 በመቶ የሕክምና ወጪ ይሸፍናሉ። አማካዩ የሁሉም ደንበኞች ስለሆነ የአንድ ሰው ድርሻ ሊለይ ይችላል። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች ዲዳክቲብላቸውን የሚቀንስ ድጋፍ አለ፤ እሱን የሚያገኙት ግን በጥቅሉ ሲልቨር ከመረጡ ነው። አረቦኑ ረከሰ ብሎ ብሮንዝ የገዛ ሰው ይህ ያመልጠዋል።

ከ2014 ጀምሮ በዚህ ገበያ የሚሸጥ ኢንሹራንስ «ስኳር አለብህ» ብሎ ሰው መመለስ አይችልም። በየማስታወቂያው የሚታዩት የአጭር ጊዜ ውሎች ግን በዚህ ሕግ ስለማይገዙ፣ ነባር በሽታን እንደማይሸፍኑ ሊጽፉ ይችላሉ። ርካሽ የሆኑትም በዚህ ነው።

ፖስታው ሲመጣ

ከሕክምና በኋላ ከኢንሹራንሱ የሚመጣው «ኢኦቢ» የተባለ ወረቀት ሂሳብ መጠየቂያ አይደለም። የተጠየቀውን፣ በውሉ የተፈቀደውን፣ ኢንሹራንሱ የከፈለውንና የታካሚውን ድርሻ በመስመር ይዘረዝራል። ከሆስፒታሉ የሚመጣው ሂሳብ በዚህ ወረቀት ላይ ካለው የታካሚ ድርሻ በልጦ ከተገኘ፣ ከመክፈል በፊት ደውሎ መጠየቅ ይገባል።

ኢንሹራንሱ «አልከፍልም» ካለም ነገሩ አላለቀም። ውሳኔው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ታካሚው ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አለው፤ ድርጅቱ ከጸና፣ በሕክምና አስፈላጊነት ላይ የተነሣ ክርክር ወደ ገለልተኛ ገምጋሚ ሊሄድ ይችላል፤ የዚያ ውሳኔ ድርጅቱን ያስገድዳል። እንግሊዝኛ ላልቀናው ሰው ድርጅቱ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። ስልኩን አንስቶ «አማርኛ» ማለት በቂ ነው፤ ከዚያ የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ ዲዳክቲብሌ ስንት ቀረው? ጣሪያዬን ለመንካትስ? ይህ ሐኪም ኔትወርክ ውስጥ ነው?