ዐሥራ ስድስተኛው ልጅ

ገበሬ የዘራውን በማግሥቱ አያጭድም። በልጅ ነገር ግን ብዙዎቻችን ይህ ትዕግሥት የለንም፤ በአንድ ፈተና ወይም በአንድ ጨዋታ ወደ ኋላ የቀረውን «ይህስ አይሆንለትም» ብለን እንተወዋለን። ፍርዳችን ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የአንድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ታሪክ ስለሚያስረዳ፣ ለወላጆችና ለወጣቶች እናቀርበዋለን። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቢል ራስል በ1934 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሉዊዚያና ተወለደ። በዚያ ወራት በደቡብ የሚኖሩ ጥቁሮች በሕግ ከነጮች ተለይተው ይኖሩ ስለ ነበር፣ ቤተሰቡ የተሻለ ኑሮ ፍለጋ በካሊፎርኒያ ወደምትገኘው ወደ ኦክላንድ ከተማ ፈለሰ። ልጁ 12 ዓመት ሲሆነው ግን እናቱ ሞተችበት። ልጆቿ ተምረው ኮሌጅ እንዲገቡ አጥብቃ ትመኝ ስለ ነበር፣ አባትየው ያንን አደራ ይዞ አሳደጋቸው።

ያዘነው ልጅ መጠጊያው የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሆነ። በዚያም የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺንና የሚካኤል አንጄሎን ሥዕሎች አተኵሮ እየተመለከተ፣ በኋላ በአእምሮው የቀረውን በወረቀት ለመሳል ይሞክር ነበር። እጁ ግን ዓይኑ ያየውን ሊያወጣለት አልቻለም።

ማክሊሞንድስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ረጅም፣ ቀጭንና እጅ እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ ነበረ። በታናናሾቹ ቡድን ውስጥ 16 ልጆች ሲኖሩ ማልያው ግን 15 ብቻ ስለ ነበረ፣ ራስልና አንድ ጓደኛው አንዱን ማልያ በተራ ይለብሱ ነበር። አሠልጣኙ መምህር ጆርጅ ፓውልስ ይህን ልጅ ሊያሰናብቱት ሲችሉ አላሰናበቱትም፤ እንዲያውም እንዲበረታ አደፋፈሩት።

በ1952 ዓ.ም. መጀመሪያ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ከካሊፎርኒያ ከተመረጡ ተማሪዎች ጋር እየተዘዋወረ ተጫወተ። በጕዞውም የጓደኞቹን እንቅስቃሴ እንደ እነዚያ ሥዕሎች በአእምሮው እየቀረጸ፣ ራሱን በእነርሱ ቦታ አድርጎ ያስብ ጀመር። በብዕር ያልሆነለት ነገር በሰውነቱ ሆነለት።

ይሁን እንጂ የነጻ ትምህርት ዕድል የሰጠው ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ያቋቋሙት የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነበረ። የዩኒቨርሲቲው ቡድን በጊዜው የራሱ መጫወቻ አዳራሽ እንኳ አልነበረውም። ራስል በዚያ ከኬ ሲ ጆንስ ጋር በአንድ ክፍል እያደረ፣ ኳሱ የሚሄድበትን መሥመርና የሚነጥርበትን ማዕዘን እንደ ጂኦሜትሪ ትምህርት ለብዙ ሰዓት ያጠኑ ነበር። ጐበዝ ተከላካይ እግሩን ከመሬት አያነሣም በሚባልበት ዘመን፣ ራስል ዘሎ የተወረወረውን ኳስ በአየር ላይ ይመልስ ነበር።

መንገዱ ግን የኳስ ብቻ አልነበረም። በ1954 ዓ.ም. ቡድኑ ለውድድር ኦክላሆማ ሲቲ በሄደ ጊዜ ሆቴሎቹ ጥቁሮቹን ተጫዋቾች አንቀበልም ስላሉ፣ ነጮቹ ከጓደኞቻቸው ሳይለዩ ሁሉም በአንድነት ባዶ በነበረ የተማሪዎች መኝታ ቤት አደሩ። ይህ ቡድን ራስል እየተጫወተለት በተከታታይ 55 ጊዜ አሸነፈ፤ በ1955 እና በ1956 ዓ.ም. የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮና ሆነ።

በ1956 ዓ.ም. መጨረሻም ራስል በሜልቦርን ኦሊምፒክ ከአገሩ ቡድን ጋር የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። ይህ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችበት ኦሊምፒክ ነው። ከዚያ በኋላ በቦስተን ሴልቲክስ በ13 የውድድር ዘመን 11 ጊዜ ዋንጫ አነሣ፤ በ2022 ዓ.ም. በ88 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ መምህሩ የቈጠሩት ማልያውን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ሁሉ ባልተገኘ ነበር። በየክፍሉና በየቤቱ ዐሥራ ስድስተኛ ልጅ አለ። ሁሉም ዋንጫ ያነሣል አንልም፤ ነገር ግን የዛሬው ድካሙ የነገውን ዋጋውን አይነግረንምና፣ ተራው ሳይደርስ ማልያውን አንግፈፈው።