ፎቶው ላይ የማይታየው ጨው



በጾም ሰሞን ስልካችሁን ስትከፍቱ ሽሮ በሽሮ ነው አይደል? ሸክላው ላይ እየተንተከተከ፣ ቃሪያ ጣል ተደርጎበት፣ አጠገቡ እንጀራ ተጠቅልሎ። ያምራል! ዘይቱ ስለሚያብረቀርቅ መብዛት አለመብዛቱን ከፎቶው መገመት ትችላላችሁ። ጨውን ግን የትኛውም ካሜራ አያሳያችሁም። የዛሬው ጉዳያችን እሱ ነው።

ግፊት ያለበትን ሰው ስለ ጨው ስትጠይቁት ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ "እኔ እኮ ጨው አላበዛም" የሚል ነው። ሰውየው እየዋሸ አይደለም። ወጥ ላይ የሚጨምረው በእርግጥም ትንሽ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው "ድስቱ ከመጣዱ በፊትስ ስንት ጊዜ ጨው ገብቷል?" የሚለው ነው።

ከመርካቶ እስከ ማዕድ

መርካቶ በርበሬ ተራ ወርዳችሁ "ማረቆ ይሻላል፣ አላባ ይሻላል" ተባብላችሁ ዛላውን ገዛችሁ እንበል። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ፣ በሶብላው አብሮ ተገዛ። ለሽሮው ደግሞ ከእህል በረንዳ ሽምብራ ወይም አተር መጣ። ቤት ውስጥ በርበሬው ተቀነጠሰ፣ ተደለዘ፣ ደረቀ፣ ከዚያ ወፍጮ ቤት። ራጉኤል ደጃፍ የሚኖረውም ሆነ አንዋር መስጊድ አጠገብ ያለው ቤተሰብ፣ ጾሙ ቢለያይም የሽሮ አሠራሩ ብዙም አይለያይም።

አሁን ጨው የሚገባበትን ቦታ እንቁጠር።

1. በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል።
2. ሽሮው ሲፈጭ ያው በርበሬ ይጨመርበታል፣ ለሽሮው ተብሎም ሌላ ጨው ይገባል።
3. ወጡ ሲሠራ "ቅመስ እስቲ" ተብሎ እንደገና ይጨመራል።
4. ማዕድ ላይ አዋዜ ወይም ሚጥሚጣ ይቀርባል። እነሱም ጨው አላቸው።

ለስሌት ያህል፣ በአንድ ኪሎ ሽሮ ውስጥ 50 ግራም ጨው ገብቷል እንበል። ለአራት ሰው 100 ግራም ሽሮ ብትሠሩ፣ የጨው ዕቃችሁን ሳትነኩ 5 ግራም ገደማ ጨው ድስቱ ውስጥ አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስትጨምሩበት 10 ግራም ደረሰ። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሰው 2 ግራም ተኩል ነው። ይህ እንግዲህ በአንድ ማዕድ ብቻ ነው!

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ደግሞ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ይህም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፣ ቁርስ፣ ምሳና እራት ተደምሮ። እ.ኤ.አ. በ2015 በሀገራችን በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት የተገመተው አማካይ ፍጆታ ግን በቀን ከ8 ግራም በላይ ነበር።

ታዲያ ምን ችግር አለው?

ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ውሃ ይይዛል። በደም ሥር ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይጨምራል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። ይህ ለዓመታት ሲቀጥል ልብ፣ ኩላሊትና አንጎል ይጎዳሉ። ከባዱ ነገር ደግሞ አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም። ራስ ምታት እስኪመጣ የምትጠብቁ ከሆነ፣ ግፊት ሳያስጠነቅቅ ስትሮክ ሊያመጣ እንደሚችል እወቁ።

"እንግዲያው ጨው እንተው?" አይደለም። አዮዲን የምናገኘው በዋናነት ከጨው ነው። እጥረቱ እንቅርት ያመጣል፣ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ የጽንሱን የአንጎል እድገት ይጎዳል። በ2003 ዓ.ም የወጣው ደንብም ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያስገድዳል። ስለዚህ በጆንያ ተከፍቶ ከተቀመጠው ይልቅ የታሸገና አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን ግዙ። ቤት ውስጥም ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ፣ በሚገጠም ዕቃ ይቀመጥ። ወጥ ላይ የሚጨመረውም መጨረሻ ላይ ቢሆን አዮዲኑ ብዙ አይባክንም።

ምን እናድርግ?

👉 በርበሬና ሽሮ ስታስፈጩ ያለ ጨው አስፈጩ። "አይበላሽም ወይ?" ካላችሁ፣ ዱቄትን ከሻጋታ የሚጠብቀው በደንብ መድረቁና እርጥበት በማያስገባ ዕቃ መቀመጡ ነው። እናት የምትልክላችሁ ከሆነ "እማዬ፣ የእኔን ጨው ሳይገባበት አስፈጪልኝ" በሏት።

👉 የተዘጋጀ ሽሮ ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ። በኪሎ ከሆነ ሻጯን "ጨው አለው?" ብላችሁ ጠይቁ።

👉 ጣዕሙን በሌላ አምጡት። ሽንኩርቱን በዝግታ አቁላሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱን አትሰስቱ፣ ቃሪያና በሶብላ መውጫው ላይ ጨምሩ። ጨው የሚገባው ከቀመሳችሁ በኋላ ብቻ ይሁን፣ በእጅ ሳይሆን በማንኪያ።

👉 ፎቶ ማንሳቱን አትተዉ፣ ግን አንድ ፎቶ ጨምሩ። ሳህኑን መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ከላይ ወደ ታች አንሱት። ከዚያ በፊት ግን ድስት ውስጥ የሚገባውን ጨው ማንኪያው ላይ እንዳለ አንሱት። ዘይቱንም እንደዚሁ። ይህን ለ7 ቀን አድርጉና መጨረሻ ላይ ፎቶዎቹን በተርታ እዩአቸው። ለማንም መለጠፍ የለባችሁም። የግፊት ወይም የስኳር ክትትል ካላችሁ ግን ለሐኪማችሁ አሳዩት፤ "ምን ትበላለህ?" ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ማሳሰቢያ፦ ጨው ቀነስኩ ብላችሁ የግፊት መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቆሙ። የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ደግሞ "የጨው ምትክ" ተብለው የሚሸጡትን ሐኪም ሳታማክሩ አትጠቀሙ፣ ፖታሲየም ሊኖራቸው ይችላል።

መጀመሪያ ላይ ወጡ አልጫ አልጫ ይላችኋል። ታገሱት፣ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምዳል። ግፊታችሁን ከተለካችሁ ቆይታችሁ ከሆነ ደግሞ በዚህ ሳምንት በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ተለኩ፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ይህን ጽሑፍ በቤታችሁ በርበሬ ለሚያስፈጩት እናቶችና አክስቶች አካፍሉ። የቤተሰቡ ጨው የሚወሰነው እነሱ ጋ ነው።