ጣቶችዎ ከልክ በላይ ይተጣጠፋሉ? ባሬ ኮርድ ሲለማመዱ ማወቅ ያለብዎ ነገሮች

ባሬ ኮርድ ማለት ሌባ ጣትን አጋድሞ ሁሉንም ወይም አብዛኞቹን የጊታር ክሮች በአንድ ጊዜ መጫን ነው። ይህ ማንኛውንም ጀማሪ ያስቸግራል። ጣቶቻቸው ወደ ኋላ የሚቀለበሱ ሰዎች ግን ሌላም ችግር አለባቸው፦ በተጫኑ ቁጥር መገጣጠሚያው ይቀለበሳል፣ የአንዳንዶቹ ክሮች ድምፅ ይታፈናል፣ እጅ ቶሎ ይዝላል። «ጠበቅ አድርገህ ተጫን» የሚለው ምክር ደግሞ ችግሩን ያብሰዋል።

ጣት ለምን ይቀለበሳል?

መገጣጠሚያን አቅፈው የሚይዙት ጅማቶች በአብዛኛው የተሠሩት ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን ነው። በአንዳንድ ሰዎች ጅማቶቹ በተፈጥሮ የላሉ ናቸው፤ ይህም ብዙ ጊዜ በቤተሰብ ውስጥ ይታያል። ጅማቱ መገጣጠሚያውን በደንብ ስለማይገታው ሥራው ጡንቻ ላይ ይወድቃል፤ ድካሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። መተጣጠፍ ብቻውን በሽታ አይደለም።

እንዴት ይለካል?

ሐኪሞች ከ9 ነጥብ የሚሰጥ የቤይተን መለኪያን ይጠቀማሉ። በሁለቱም በኩል ትንሿ ጣት ከ90 ዲግሪ በላይ መቀልበሷ፣ አውራ ጣት ክንድን መንካቱ፣ ክርንና ጉልበት ከ10 ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ መሄዳቸው እያንዳንዳቸው 1 ነጥብ አላቸው። ጉልበት ሳያጥፉ መዳፍን መሬት ማስነካት 1 ነጥብ ይጨምራል። እስከ 50 ዓመት ባሉ አዋቂዎች 5 እና ከዚያ በላይ ማግኘት መላ ሰውነት ተጣጣፊ መሆኑን ያመለክታል። ጣቶቻቸው ብቻ የሚተጣጠፉ ሰዎችም አሉ።

ልምምዱን እንዴት ያስተካክሉ?

• ሌባ ጣትዎን ወደ አውራ ጣት በኩል ትንሽ ያዘንብሉት። ጎኑ አጥንታማ ስለሆነ በአነስተኛ ኃይል ይጫናል፤ የመቀልበስ ዕድሉም ይቀንሳል።
• ከፍሬቱ (ከብረቱ መስመር) አጠገብ ይጫኑ።
• በአውራ ጣት አጥብቀው አይቆንጥጡ፤ ክንድዎን በቀስታ ወደ ኋላ በመሳብ ያግዙት።
• በመጀመሪያው ፍሬት ላይ በሚሠራው ኤፍ ኮርድ አይጀምሩ። 5ኛው ፍሬት አካባቢ ክሩ ይለሰልሳል። መጀመሪያ 2 ወይም 3 ክሮችን ብቻ ይያዙ።
• ክሮቹ ከጊታሩ አንገት በጣም ከራቁ በባለሙያ ዝቅ ያስደርጓቸው፤ ቀጫጭን ክሮችም ይረዳሉ።
• ለ5 ደቂቃ ያህል ተለማምደው እጅዎን ያሳርፉ።
• ጣትን ወደ ኋላ እየቀለበሱ አያፍታቱ፤ የላላውን ጅማት ይበልጥ ይወጥረዋል። ይልቁንም የእያንዳንዱን ጣት ጫፍ ከአውራ ጣት ጫፍ ጋር አግጥመው ክብ ይሥሩ፤ መገጣጠሚያው ሳይቀለበስ ለ5 ሰከንድ ቀስ ብለው ይጫኑ።

ይህ ሁሉ ካልረዳ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መገጣጠሚያው እንዳይቀለበስ የሚይዝ የጣት ቀለበት ሊያዝልዎ ይችላል።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ሕመሙ ለቀናት አርፈውም ካልተሻለ፣ ጣት ከደነዘዘ፣ መገጣጠሚያ ካበጠ ወይም ከወለቀ ልምምዱን አቁመው ይመርመሩ። ከመተጣጠፉ ጋር ቆዳዎ በጣም የሚለጠጥና በቀላሉ የሚበልዝ ከሆነ፣ ወይም በቤተሰብዎ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ወይም የዋናው ደም ቅዳ ቧንቧ ችግር ያለበት ሰው ካለ ለሐኪምዎ ይንገሩ። እንደ ኤህለርስ-ዳንሎስ እና ማርፋን ያሉ በዘር የሚተላለፉ ሕመሞች ልብንና የደም ሥርን ሊጎዱ ስለሚችሉ ቀድሞ ማወቁ ሕይወት ያድናል።