የአርባ አምስት ቀን ካርድ

ባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ ላይ በአዋላጅ ነርስነት ስሠራ ወላጆችን ስለ ሃይማኖታቸው ጠይቄ አላውቅም። ክትባት ክፍል ውስጥ ግን ጉዳዩ በራሱ ይመጣል። ሕፃን በአርባ አምስት ቀኑ ጭኑ ላይ ክትባት ይወጋል። የኦርቶዶክስ ልጅ ወንድ ከሆነ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሥቶ፣ ማተቡን አስሮ ይመጣል። ሴቷ ገና ሰማንያዋን ትጠብቃለች፤ መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በአርባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገነት ገቡ ይላልና።

አንዲት ከወለጋ ለሥራ የመጣች እናት ሴት ልጇን ይዛ ገባች። ባሏ የዚሁ አገር ልጅ፣ ኦርቶዶክስ ነው፤ እሷ ያደገችው በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። አማቷ አብረው ነበሩ። ልጅቱ ተወግታ ስታለቅስ፣ አማትየው "ሲስተር፣ ይቺ ልጅ ሳትጠመቅ ልትቀር ነው" አሉኝ።

"እማማ፣ አትጠመቅ መቼ አልኩ? እኔም የተጠመቅሁት በሕፃንነቴ ነው" አለች እናትየዋ።

አማትየው ደነገጡ። ጴንጤ ሁሉ ሕፃን አያጠምቅም ብለው ነበር የሚያስቡት፤ ብዙ ሰውም እንዲሁ ያስባል። ሙሉ ወንጌልና ቃለ ሕይወት የሚያጠምቁት ሰው አድጎ እምነቱን ሲመሰክር ነው። በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመችው መካነ ኢየሱስ ግን ሉተራዊት ናት፣ ሕፃናትን ታጠምቃለች። ባልና ሚስቱ ልጅቱ ትጠመቅ ወይስ አትጠመቅ፣ የት ትጠመቅ በሚል ከእርግዝናው ጀምሮ ተኮራርፈው ነበር፤ የጠቡ ግማሽ ግን መሠረት አልነበረውም ማለት ነው።

የቀረው ግማሽ፣ የት ትጠመቅ የሚለው፣ ከባድ ነው። በኦርቶዶክስ የተጠመቀ ሕፃን በዕለቱ ይቆርባል፤ እናትየዋ ግን ከልጇ ጋር መቁረብ አትችልም። ከዚያ ክርስትና እናት አለች፣ የንስሐ አባት አለ፣ ሰንበቴው አለ፣ መቃብሩም አለ። አገራችን ላይ ቤተ ክርስቲያን መምረጥ ዘመድ መምረጥ ነው።

በብዙ እንዲህ ባሉ ቤቶች ባልና ሚስት ለሰላም ብለው ሁለቱም ከየቤተ ክርስቲያናቸው ይቀራሉ። ይህን አልወደውም። ለልጁ የሚተርፈው ዝምታ ብቻ ነው፤ እናትም በወሊድ ማግስት ብቻዋን ትሆናለች። የአራስ ብቸኝነት ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከአራስ ጋር የሚውል ባለሙያ ያውቃል።

ለሁለተኛው ክትባት ሲመለሱ ተነጋግረው ነበር። ልጅቱ በአባቷ ቤተ ክርስቲያን ትጠመቃለች። እናትየዋ በየእሑዱ ባሕር ዳር ወደ ራሷ ጉባኤ ትሄዳለች፤ ልጇንም ይዛ ብትሄድ ማንም አይከለክላትም። አማትየው "የክርስትናዋ ዕለት አንቺም ግቢው ድረስ ትመጫለሽ፤ ጎረቤት አይቶሽ ይግባ" አሏት። የእናትየዋ ድርሻ ከሁሉም የከበደ ይመስለኛል፤ ሆኖም ተጠይቃ የተስማማችበት ነው።

እምነታችሁ የተለያየ ባልና ሚስት፣ እባካችሁ ገና በእርግዝና ክትትሉ ጊዜ ተነጋገሩ፤ አያቶችንም ጨምሩ። ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን አላችሁ፤ ወንድ ከሆነ አርባ ብቻ።