ባለአራት ትራክ ካሴት መቅረጫ፦ ተረቱና እውነታው

«ቤት ውስጥ በካሴት የተቀዳ ሙዚቃ ለናሙና እንጂ ለአልበም አይሆንም» የሚል እምነት አለ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ግን እ.ኤ.አ. በ1982 መጀመሪያ ኒው ጀርሲ ውስጥ በተከራየው ቤት መኝታ ክፍል ተቀምጦ በሁለት ማይክና ቴአክ 144 ፖርታስቱዲዮ በተባለ ባለአራት ትራክ ካሴት መቅረጫ አዳዲስ ዘፈኖቹን ቀረጸ። ባንዱ እንዲያጠናቸው አስቦ ነበር። ስቱዲዮ ገብተው ቢሞክሯቸውም የካሴቱን ስሜት የሚተካ አልተገኘም፤ በዚያው ዓመት «ነብራስካ» ተብሎ የወጣው አልበም ያው የመኝታ ቤቱ ቅጂ ነው። ቀላል ሥራ ነበር ማለት ግን አይደለም፤ ከካሴቱ ወደ ሸክላ ሲዛወር የድምፅ ባለሙያዎቹ ክፉኛ ተቸግረዋል።

ሌላው ተረት «አራት ትራክ ማለት አራት መሣሪያ ብቻ ነው» የሚለው ነው። ጊታር፣ ቤዝና ከበሮ በሦስቱ ትራኮች ይቀዳሉ፤ ተደባልቀው ወደ አራተኛው ይዛወራሉ። ያኔ ሦስቱ ትራኮች ለዘፋኙና ለተቀባዮቹ ነፃ ይሆናሉ። ዋጋ ግን ያስከፍላል፦ በተዛወረው ላይ የከበሮውን ድምፅ ለብቻው መቀነስ አይቻልም፣ የክሩም ሽሽታ በየዝውውሩ ይጨምራል።

ሽሽታው ራሱም በካሴት ላይ ብቻ የሚላከክ አይደለም። ተራ ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የመጀመሪያው ፖርታስቱዲዮ ይህን በእጥፍ አፈጠነው፤ ቀጫጭን ድምፆች ይበልጥ ጠሩ፣ 60 ደቂቃ የሚባለው ካሴት ግን 15 ደቂቃ ብቻ መያዝ ጀመረ። እኔ እንደማምነው ብዙውን የቤት ቅጂ በሽሽታ ያበላሸው የድምፅ መጠን ማሳያው መርፌ ቀዩን እንዳይነካ እየተፈራ እጅግ ዝቅ ተደርጎ መቀዳቱ ነው።

ከሁሉም የሚጎዳው ተረት «ይህ ካሴት ተበላሽቷል» የሚለው ነው። ተራ ካሴት በአንዱ ገጽ ሁለት፣ በሌላው ገጽ ሁለት ትራክ አለው። ባለአራት ትራኩ አራቱንም በአንድ አቅጣጫ ይቀዳል፤ ገጽ የሚባል ነገር የለውም። በተራ ቴፕ ስታጫውቱት ሁለቱ ትራኮች ብቻ ይሰማሉ፤ ብትገለብጡት ቀሪዎቹ ሁለቱ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ፣ ወደ ኋላ ይጫወታሉ። በእጥፍ ፍጥነት የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ዘፋኙ ይጎተታል፣ ድምፁም ይወፍራል። ካሴቱ ግን ደህና ነው።

እንዲህ ያለ ካሴት ቤታችሁ ካገኛችሁ አትጣሉት፣ ሌላ ነገርም አትቅዱበት። በጀርባው ያሉትን ሁለቱን የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩና በስህተት እንዳይቀዳበት አድርጉ። ከዚያ በተቀዳበት ፍጥነት የሚሠራ ባለአራት ትራክ ማጫወቻ ፈልጉ፤ አራቱንም ትራኮች ለየብቻ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጡ።