ልጆቻችሁ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ግዙልን ሲሏችሁ

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል በብዙ ቤት የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ "አባዬ፣ ዓሣ ማጥመጃ ግዛልኝ!" ልጆቹ ነገሩን የሚያመጡት አብዛኛውን ጊዜ ከዩቲዩብ ነው። አሜሪካኖች በፈጣን ጀልባ ሐይቅ መሃል ገብተው ባስ የሚባለውን አፈ ሰፊ ዓሣ እየጎተቱ ሲያወጡ ያያሉ። ልጅ ከስልክ ተነስቶ ውሃ ዳር ልሂድ ካለ እሺ ማለት ነው። ግን ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቧት። ያላወቀ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዴ ለማይሆን ዕቃ፣ አንዴ ለቅጣት።

ለንደን ውስጥ የትኛው ዓሣ ነው ያለው?

ያ የአሜሪካ ባስ በለንደን ውሃ ውስጥ የለም። እንግሊዞች ባስ የሚሉት የባሕር ዓሣ ነው፤ ቴምዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አካባቢና በሳውዝኤንድ ዳርቻ ይገኛል። እሱም ቢሆን ርዝመቱ ከ42 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ወደ ውሃው መመለስ አለበት። በስንት ወር ስንት መያዝ እንደሚቻል ደንቡ በየጊዜው ስለሚቀየር ከመሄዳችሁ በፊት ተመልከቱ።

በቦያችንና በወንዛችን ውስጥ የባስን ጠባይ የያዘው ፐርች ነው። ጎኑ አረንጓዴ ሆኖ ጥቁር ሰንበር አለው፣ የሆዱ ክንፎች ቀያይ ናቸው፣ ጀርባው ላይ ያለው ክንፍ እሾህ ነው። ትናንሽ ዓሦችን እያደነ ይበላል። ድልድይ ሥር፣ የቆመ ጀልባ አጠገብና ግድግዳ ጥግ ማድፈጥ ይወዳል። ለልጅ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም።

ዘንግ

በቪዲዮ የምታዩት ወፍራም ዘንግ ለዚህ አይሆንም። ትንሽ ዓሣ ሲነካው አይሰማም፤ ልጁም ይሰለቻል። ከ6 እስከ 7 ጫማ የሚረዝም ቀላል ዘንግ ግዙ። እጀታው አጠገብ ስንት ግራም መወርወር እንደሚችል ተጽፏል፤ ከ2 እስከ 10 ግራም ወይም እዚያ አካባቢ የሚል ፈልጉ። ለትንሽ ልጅ አጠር ያለው ይሻላል።

ሪል

ሪል ክሩ የሚጠመጠምበት ዕቃ ነው። ለጀማሪ ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለው ዓይነት ይቀላል፤ ከላይ የሚቀመጠው ክሩን ስለሚያወሳስብ ለልጅ አይመከርም። መጠኑ በቁጥር ነው የሚነገረው፦ 1000 ወይም 2000 ይበቃል። ፊቱ ላይ የሚዞር ቁልፍ አለ፤ ልክ እንደ መኪና ፍሬን ቁጠሩት። በጣም ከጠበቀ ትልቅ ዓሣ ክሩን ይበጥሳል፣ ከላላ ደግሞ መንጠቆው አይይዝም። በእጃችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ስትስቡ ክሩ ቀስ ብሎ የሚለቅ ከሆነ ልክ ነው።

ክር

የክር ጥንካሬ በፓውንድ ይነገራል፤ የክብደት ፓውንድ ነው፣ የገንዘብ አይደለም። ለጀማሪ ተራው የናይለን ክር፣ ከ4 እስከ 6 ፓውንድ የሚይዘው፣ ርካሽና ለመቋጠርም ቀላል ነው። የተጎነጎነው ክር ቀጭን ሆኖ ብርቱ ነው፣ የዓሣውንም ንክሻ ቶሎ ያሳውቃል፤ ግን ይወሳሰባል፣ እጅም ይቆርጣል። ልጁ ሲለምድ ይደርስበታል።

"ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" ይባል የለ? ፐርች ባለበት ፓይክ አለ። ፓይክ ረጅም፣ ጥርሱ እንደ መጋዝ የሆነ አዳኝ ነው፤ ክሩን በአንድ ንክሻ ቆርጦ መንጠቆውን አፉ ውስጥ ይዞ ይሄዳል። ያ ዓሣ ይሰቃያል። ስለዚህ ፓይክ ባለበት ውሃ ከመንጠቆው በላይ አጭር የሽቦ ክር ማሰር ግዴታ አድርጉት።

ማታለያ

ሉር የሚሉት ሰው ሠራሽ ዓሣ ነው። ሱቅ ስትገቡ በመቶ የሚቆጠር ቀለም ተደርድሮ ልጆቻችሁ ሁሉንም ይፈልጋሉ። ሁለት ዓይነት ይበቃል። አንደኛው ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ለስላሳ የጎማ ዓሣ ነው፤ 3 ወይም 5 ግራም ክብደት ካለው መንጠቆ ጋር ይሰካል። ሁለተኛው ሲጎተት የሚሽከረከርና የሚያብለጨልጭ ትንሽ ብረት ነው። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ ደማቅ ቀለም፣ ከጠራ ዓሣ የሚመስለውን ምረጡ። ወርውሩት፣ ታች እስኪደርስ ጠብቁ፣ ቀስ ብላችሁ ጠምጥሙ፣ ቆም አድርጉ። ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ቆም ስትሉ ነው።

መንጠቆው ኋላ የሚይዝ ጥርስ የሌለው ቢሆን ይመረጣል፤ ከዓሣውም ከልጁም ጣት በቀላሉ ይወጣል። መረብ፣ ዓሣው የሚያርፍበት እርጥብ ምንጣፍና ረጅም ወረንጦም ያዙ። የእርሳስ ክብደት ከአሮጌ ዕቃ ብታገኙ አትጠቀሙበት፤ ዳክዬና ስዋን እየዋጡት ስለሚሞቱ ከ1987 ጀምሮ አብዛኛው የእርሳስ ክብደት ተከልክሏል።

ፈቃድ

እንግሊዝ ውስጥ በወንዝ፣ በቦይና በሐይቅ ለማጥመድ ዕድሜው 13 ዓመት የሞላው ሁሉ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከ13 በታች ያለ ልጅ አያስፈልገውም። ከ13 እስከ 16 ላለው ነፃ ነው፤ ነፃ ቢሆንም ግን መመዝገብ አለበት። አባትም ዘንጉን ከያዘ የራሱ ፈቃድ ይኑረው። ያለ ፈቃድ መገኘት እስከ 2,500 ፓውንድ ሊያስቀጣ ይችላል። ፈቃዱን በራሱ በመንግሥት ድረ ገጽ አውጡ፤ በመሃል ገብቶ ተጨማሪ የሚያስከፍል አይጥፋም።

ይህ አይበቃም። ውሃው የማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ባለቤቱ ወይም ክለቡ የራሱ የቀን ትኬት አለው። ዋልተምስቶው ዌትላንድስ 10 የውሃ ማጠራቀሚያዎች አሉት፤ እዚያም በትኬት ይጠመዳል። ሪጀንትስ ቦይ ላይም ክፍሉ የማን እንደሆነ አጣሩ። ወንዝ ላይ ደግሞ ከማርች 15 እስከ ጁን 15፣ በኛ ከመጋቢት 6 እስከ ሰኔ 8፣ ዓሣ የሚራባበት ጊዜ ስለሆነ ማጥመድ ክልክል ነው። አብዛኛው ቦይና ሐይቅ ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው።

ያጠመድነውን እንብላው?

ምግብ ቤት ስላለኝ በጾም ወራት "እትዬ፣ ያጠመድነውን ብናመጣ ይጠብሱልናል?" የሚሉኝ አሉ። መልሴ አይሆንም ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ከጀልባ ወርዶ እዚያው ይበላል፤ ጣና ላይም ታንኳ የሚቀዝፈው ለገበያ ነው። እዚህ ግን ልማዱ ሌላ ነው፤ ዓሣው ተይዞ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ይመለሳል። ከቦይና ከሐይቅ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ዓሣ መውሰድ ስርቆት ነው። ወንዝ ላይ በቁጥርና በመጠን የተወሰነ ይፈቀዳል፣ ሆኖም ባለቤቱ ሊከለክል ይችላል። እባካችሁ ሁሉንም መልሱ። ልጅ ፊት "ሌባ" መባል ለአባትም ለልጅም ከባድ ነው፤ የአንዱ ጥፋት ደግሞ ለሁላችንም ይተርፋል። ለጉላሹ ከዓሣ ሱቅ ይገዛል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ

የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በሊ ሸለቆ የከፍተኛ ኃይል ሽቦ ብዙ ነው፤ ከሽቦው ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ፣ በሥሩም ዘንግ ቀና አድርጋችሁ አትለፉ። መብረቅ ሲኖር አጣጥፋችሁ ተነሱ። ለትንንሽ ልጆች የውሃ ጃኬት አልብሱ። የቦይ ውሃ የአይጥ ሽንት ስላለበት በሽታ ያመጣል፤ ቁስል ይሸፈን፣ እንጀራ ከመቁረሳችሁ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ብቻ ነው ብላችሁ አትራቁት። ኢዛክ ዋልተን በ1653 ያሳተመው ዝነኛ የዓሣ አጥማጆች መጽሐፍ የሚጀምረው ቶተንሃም ኮረብታ ላይ ነው፤ ዛሬ ብዙዎቻችን የምንኖርበት ሰፈር። ወንዙ ያው ሊ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቴርሞስ ሻይና ዳቦ ይዛችሁ ውጡ። ዓሣው ባይመጣ እንኳ ልጃችሁ አጠገባችሁ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ያወራችኋል። አንዳንዶቻችን ያንን ካገኘን ቆይቷል።

መልካም የማጥመጃ ጊዜ!